ንጉሡ ሲሞትስ?

ደሴ ላይ ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ ነው። ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ የተነሣውን ጥያቄ ግን ከነመልሱ አስገብቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች።

ስለ ጥንት ነገሥታት ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ያው ነው። ማን ስንት አገር አስገበረ፣ ማን ምን ሐውልት አቆመ፣ ማን ስንት ዘመን ገዛ። እኔ ዛሬ የማነሣው አንድ ቀን ነው፤ ንጉሡ የሞተበትን ቀን። በዚያ ቀን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምን ይደረጋል? መርዶውን ቀድሞ የሚሰማው ማን ነው? ማን ይደበቃል? ማንስ ጦር ይዞ ይመጣል? የአንድ መንግሥት ጥንካሬ የሚለየው ያን ቀን ነው ባይ ነኝ። በጥንት ዘመን የአገዛዝ ዓይነት ሲቀያየር የኖረውም፣ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ነው።

ይህን ወሎ ላይ ቆሞ ማውራት ደስ ይላል። ምክንያቱም የእኛ ነገሥታት መልሱን ያስቀመጡት እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ተራራ ላይ ነው። ግሸንን ማለቴ ነው። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ራቅ እንበል።

ከግብፅ እንጀምር። ዓባይ በየዓመቱ ይሞላ ነበር። የሚሞላው የእኛን ደጋ ዝናብ ይዞ ነው፤ የበሽሎ ውኃም አለበት። ውኃው ካነሰ ረሃብ ነው፤ ከበዛም ጎርፍ ነው። የንጉሡ ሰዎች የሙላቱን ከፍታ ድንጋይ ላይ በተቀረጸ ልኬት ያነባሉ። የዘንድሮ ግብር ስንት እንደሚሆን የሚገመተውም ከዚያ ነው። እህሉ ጎተራ ይገባል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ላይኛውንና ታችኛውን ግብፅ አንድ አደረገ የሚባለው ናርመር የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ ነው። ከእሱ በኋላ ፈርዖኖቹ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ቆዩ። መሐል ላይ ብዙ ጊዜ ወድቀው ተነሥተዋል፤ ግን ቆዩ።

ለሞቱ ቀን የነበራቸው መልስ ሃይማኖታዊ ነው። በሕይወት ያለው ንጉሥ ሆረስ ነው፤ ሲሞት ኦሲሪስ ይሆናል። ስለዚህ አባቱን በሥርዓት የቀበረ ልጅ አዲሱ ሆረስ ነው። የቀበረ ይወርሳል ማለት ነው። ልጅ ከሌለስ? ወጣቱ ቱታንክሃሙን ልጅ ሳይተካ ሞተ። የመቃብሩን ግድግዳ ሥዕል ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አይ የሚባል ሽማግሌ ሹም የነብር ቆዳ ለብሶ፣ የንጉሥ ዘውድ ደፍቶ፣ ለሬሳው የአፍ መክፈትን ሥርዓት ሲፈጽም ተሥሏል። ሟቹ ገና አልተቀበረም፤ ሰውየው ግን ዘውዱን ደፍቷል። ሥዕሉ "እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ ስለዚህ እኔ ነኝ" የሚል ነው።

ባቢሎን ደግሞ ንጉሥን ዳኛ አድርጋ ታየው ነበር። የሐሙራቢ የሕግ ድንጋይ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ጥቁር ነው። ጫፉ ላይ ንጉሡ በፀሐይ አምላክ ፊት ቆሟል። ከሥር ሕጉ ተጽፏል። ቤት ሠሪ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ከገደለ፣ ሠሪው ይገደል ይላል። (ዛሬ ይህ ሕግ ቢኖር ስንቱ ኮንትራክተር አገር ጥሎ ይሄድ ነበር!) የተበደለ ሰው መጥቶ ጽሑፉን ያስነብብ፣ መብቱን ይወቅ ይላል። እዚህ ድረስ ግሩም ነው። ነገር ግን የጌታን ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጠፋል፤ የተራ ሰው ዓይን ያጠፋ ብር ከፍሎ ይሄዳል። ድንጋዩ ስለ በሬ ኪራይ እንኳ ይደነግጋል። ሐሙራቢ ሲሞት ግን ልጁ ሳምሱ ኢሉና በዓመፅ ተወጥሮ ደቡቡን አጣ። ሕጉ ድንጋይ ላይ ቀረ፤ ግዛቱ ተሸረሸረ።

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው ታሪክ ልሂድ። እስራኤላውያን በመሳፍንት ሲተዳደሩ ቆይተው ሳሙኤልን "እንደ ሌላው ሕዝብ ንጉሥ አንግሥልን" አሉት። እሱም አስጠነቀቃቸው። ወንዶች ልጆቻችሁን ለሠረገላው ይወስዳል፣ ሴቶቹን ለወጥ ቤቱ፣ መልካም መልካሙን እርሻ ለሎሌዎቹ ይሰጣል፣ አሥራት ያስከፍላችኋል አላቸው። አልሰሙትም። እኔ አልፈርድባቸውም። ጠላት ደጃፋቸው ላይ ነበር። ሰው ሲፈራ ግብሩን ከፍሎ ማደር ይመርጣል።

ዕዳው የመጣው በውርስ ነው። ዳዊት አርጅቶ ሳለ ልጁ አዶንያስ ድግስ ደግሶ "ነገሥኩ" አለ። ናታንና ቤርሳቤህ ቶሎ ብለው ሰሎሞንን አስቀቡ። አዶንያስ በኋላ ተገደለ። ሰሎሞን ሲሞት ደግሞ ሕዝቡ ልጁን ሮብዓምን "የአባትህን ቀንበር አቅልልልን" ብሎ ለመነው። ሽማግሌዎቹ በጎ ቃል መልስላቸው አሉት። አብሮ አደጎቹ ግን ሌላ መከሩት። አባቴ በአለንጋ ገርፏችኋል፣ እኔ በጊንጥ እገርፋችኋለሁ ብሎ መለሰ። አሥሩ ነገድ በዚያው ሄደ። አገር ለሁለት የተከፈለው በጦርነት አልነበረም፤ በአንድ ስብሰባ ነው።

ታላቁን እስክንድርን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። በ323 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ባቢሎን ላይ በ32 ዓመቱ ሲሞት ወራሹ ገና በማሕፀን ነበር፤ ልጁም፣ አብሮት የነገሠው የእስክንድር ወንድምም በየተራ ተገደሉ፣ ግዛቱን ጄኔራሎቹ ተካፈሉት።

እንግዲህ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" የሚባለው ለዚህ ሁሉ ይሠራል። በዚያው ዘመን ግን ንጉሥን የሚከሱ ነበሩ። ስፓርታ ሁለት ነገሥታት ነበሯት፣ ከሁለት ቤት፣ በአንድ ጊዜ። ከእነሱ በላይ የሚቆጣጠሩ አምስት ሹማምንት ሕዝቡ በየዓመቱ ይመርጣል። በየወሩም መሐላ አለ። ንጉሡ በሕጉ እገዛለሁ ብሎ ይምላል፤ ሹማምንቱ በከተማዋ ስም፣ ቃልህን እስከጠበቅህ ዙፋንህን አንነካም ብለው ይምላሉ። በየወሩ! ስፓርታን ሳደንቅ ግን ከሥሯ የሚያርስላትን የሄሎት ሕዝብ አልረሳም። እሱን በጦር አስፈራርታ ነው የኖረችው።

አቴና መንገዱን ረጅም አድርጋ ሄደች። መጀመሪያ ንጉሥ ነበራት። እንደሚባለው ቀጥሎ ዕድሜ ልክ የሚሾም አለቃ፣ ቀጥሎ የአሥር ዓመት፣ በኋላ የአንድ ዓመት ሆነ። ሥልጣኑን እየሸራረፉ አሳነሱት ማለት ነው። በ508 ዓመተ ዓለም ገደማ ክሌስተኔስ ሥርዓቱን እንደገና አዋቀረ። አምስት መቶ ሰው ያለበት ሸንጎ ተቋቋመ። በኋላ አባላቱ በዕጣ ይወጡ ጀመር። ሠላሳ ዓመት የሞላው ዜጋ ይገባል፤ በሕይወቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይገባም።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ሹመት አለ። ከሸንጎው መካከል አንድ ሰው በዕጣ ይወጣና የዕለቱ ሊቀመንበር ይሆናል። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ፣ የመዝገቡ ቁልፍ፣ የመንግሥቱ ማኅተም እሱ እጅ ይገባል። ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ቀን። በማግሥቱ ያስረክባል፤ ዳግመኛ አይደርሰውም። ገበሬ ሊሆን ይችላል፣ ጫማ ሰፊ ሊሆን ይችላል። አስቡት፣ ማታ የአገሩን ማኅተም ይዞ ተኝቶ፣ በነገታው ወደ ሱቁ ይመለሳል። እንዲህ ያለ አገር ላይ "ገዢው ቢሞትስ?" የሚል ጥያቄ ራሱ ትርጉም የለውም። ዕጣ የሚወጣበት ድንጋይ ዛሬም አቴና ሙዚየም ውስጥ አለ። ረድፍ ረድፍ ስንጥቅ አለው፤ የስም ሰሌዳ ይሰካበታል፣ ከጎኑ ባለ ቱቦ ጥቁርና ነጭ ኳስ ይወርዳል። ነጭ ከወጣ ረድፉ በሙሉ ይገባል።

ግን እንዳታካብዱልኝ። ሴት የለችበትም። ባሪያ የለበትም። መጻተኛ ለትውልዶች ቢኖርም አይገባም። ሶቅራጥስን መርዝ ያጠጣውም በዕጣ የወጣ ችሎት ነው።

ሮማውያን ነገሥታቸውን በ509 ዓመተ ዓለም አባረሩ ይባላል። በምትኩ ቆንስል የሚባሉ ሁለት አለቆች ለአንድ ዓመት መረጡ። አንዱ የሌላውን ትእዛዝ ማገድ ይችላል። ችግር ሲጠና አንድ ሰው ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ስድስት ወር ብቻ። ይህ ለዘመናት ሠራ። በኋላ ጦሩ ከሕጉ ይልቅ ደመወዝ ለሚከፍለው ጄኔራል መታዘዝ ሲጀምር ነገሩ ተበላሸ። ቄሳር በ44 ዓመተ ዓለም ተወጋ። አውግስጦስ መጣ። ብልጥ ነበር፤ "ንጉሥ" የሚለውን ስም አልነካም። ሸንጎው እንዳለ ነው፣ ቆንስሉ እንዳለ ነው፣ ምርጫው እንዳለ ነው፤ ጦሩና ገንዘቡ ብቻ እሱ ዘንድ ነው። እያሳሳቀ ወሰዳቸው።

ያኔ የድሮው ጥያቄ ተመለሰ። ንጉሥ ነኝ ያላለ ሰው አልጋ ወራሽ እንዴት ይሾማል? ሮም ለዚህ የጠራ ሕግ ኖሯት አያውቅም። በ69 ዓ.ም. በአንድ ዓመት አራት ቄሳሮች ተፈራረቁ። ከ96 ጀምሮ ጥሩ ዘመን መጣ። ልጅ የሌላቸው ቄሳሮች ብቁ ሰው እየመረጡ ልጄ ነው ብለው ተቀበሉት፣ ሾሙትም። ማርቆስ አውሬሊዮስ ግን የወለደው ልጅ ነበረው። ፈላስፋው ሰው በ180 አገሩን ለኮሞዶስ ትቶ ሞተ። በ193 የቄሳር ዘበኞች ዙፋኑን ጨረታ አወጡት። ዲዲዮስ ዩሊያኖስ የሚባል ሀብታም ገዛው። ሁለት ወር ቆይቶ ተገደለ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን።

አክሱም ላይ ዒዛና ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ መንግሥቱን ጠበቀችለት፤ እኛ አባ ሰላማ የምንለው ፍሬምናጦስ አገዛት። ዒዛና አድጎ ቤጃዎችን ለማስገበር ሲዘምት ጦሩን ያስያዘው ለወንድሞቹ፣ ለሳዛናና ለሐደፋ ነው። ይህን ራሱ ድንጋይ ላይ በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል አስጽፎታል። ከስድስት አለቆች ጋር 4,400 ሰው ማርከው አመጡ፤ ዒዛና አብልቶ አልብሶ በሌላ ቦታ አሰፈራቸው።

ወንድሞቹን አስተውሉልኝ። በዚያው ዘመን ቁስጥንጥንያ ላይ በ337 ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ሲሞት ወታደሮች ወንድሞቹንና የወንድሞቹን ልጆች ፈጇቸው። ከተረፉት ልጆቹ አንዱ ቆስጠንዲዮስ ቆይቶ ወደ አክሱም ደብዳቤ ላከ። የተላከው ለዒዛናና ለሳዛና ነው፣ ለሁለቱም በአንድ ላይ። ዘመዶቹ የታረዱበት ቄሳር አብረው ለሚኖሩ ወንድማማቾች ሲጽፍ ምን እንደተሰማው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ደግሞ በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱም ትንንሽ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በግሪክኛ "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ" የሚል ጽሑፍ አለ። ወርቁ ለሩቅ ነጋዴ ነው። መዳቡ ግን ገበያ ላይ የሚውለው የሕዝቡ ገንዘብ ነው። ማንም ያልመረጠው ንጉሥ፣ ድሃው በሚይዘው ሳንቲም ላይ "ደስ ይበላችሁ" ማለት አስፈልጎታል።

ላስታ ላይ ስንደርስ የላሊበላ ገድል ራሱ የአልጋ ጠብ ነው። ሕፃኑን ንብ ከበበው፤ ወንድሙ ይነግሥብኛል ብሎ ሠጋ፤ መርዝ ተሰጠው፤ በመጨረሻ ወንድሙ ራሱ ለቀቀለት ይላል። እንደ ታሪክ ተቀበሉት እንደ ትውፊት፣ የዘመኑን ሥጋት በደንብ ያሳያል።

በ1270 ይኩኖ አምላክ ነገሠ። የሐይቁ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደግፈውታል ይባላል። ልጁ ይግባ ጽዮን በ1294 ሲሞት ግን ጉድ ፈላ። በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። ግሸን የመሳፍንት ማቆያ የሆነችው ከዚህ መከራ በኋላ ነው ይባላል።

አሁን ግሸንን በመስከረም 21 ነው የምናውቃት። ያን ዳገት የወጣ ሰው ግን ለምን እንደተመረጠች አይጠፋውም። ዙሪያዋ ገደል ነው፣ መግቢያዋ ጠባብ ነው፤ በሩን የያዘ ተራራውን ይዟል። ንጉሡ ሲነግሥ ወንድሞቹና የአጎቶቹ ልጆች እዚያ ይወጣሉ። አይገደሉም። ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸውም እዚያው ያድጋሉ። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲኖር ተራራው ላይ አንድ ሙሉ የታሰረ ዘር ተፈጠረ። ከውጭ ጋር መላላክ ክልክል ነው። በ1520ዎቹ አገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ከመሳፍንቱ ደብዳቤ አመጣ የተባለ መነኩሴ ከጠባቂዎች ጋር ተይዞ እንደተገረፈ ጽፏል። ደብዳቤ ብቻ!

ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ተማክረው አንዱን ከዚያ ያወርዳሉ። ዘርዐ ያዕቆብ እንዲህ ወርዶ በ1434 ነገሠ። ናዖድም ከዚያ ወርዷል። እኔ እንደማየው ብልህም ጨካኝም መላ ነው። የወንድማማች ጦርነት አስቀርቷል። ዕድሜ ልኩን ገደል ሲያይ የኖረ ሰው ግን አገር መግዛት የት ይማራል? መራጮቹስ? ብዙ ጊዜ የሚጥማቸው ልጅ ነው፣ እስኪያድግ እነሱ ይገዛሉና። አፄ እስክንድር በልጅነቱ ነገሠ። የእሱ ሕፃን ልጅ በ1494 ዘውድ ደፍቶ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሥ ገና 12 ዓመት ገደማው ነበር። ያን ጊዜ አገሩን የያዘችው ንግሥት እሌኒ ናት፤ ከሐዲያ የመጣች፣ ከወንዶቹ ሁሉ ፖለቲካ የገባት ሴት።

ዘርዐ ያዕቆብ ከሌሎቹ ይለያል። የተማረ ነበር፣ ጻፈ፣ አደራጀ። ወንዶቹን አላመነም መሰለኝ፣ አውራጃዎቹን ለሴቶች ልጆቹና ለእህቶቹ ሰጠ። በኋላ ከነሱም አንዳንዶቹን በጽኑ ቀጣ። ከተራራው ቢወርድም ጥርጣሬው አብሮት ወርዷል።

በ1540 ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ያዘ። መሳፍንቱ እዚያው አለቁ። አንድ ቦታ የተሰበሰበ ዘር በአንድ ቀን ያልቃል፤ የመላው ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነበር። ያም ሆኖ ጎንደሮች ወኅኒ አምባ ላይ ደገሙት።

ከዚያ በኋላ ያለውን የየጁ ሰው ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ከ1780ዎቹ እስከ አይሻል ጦርነት፣ እስከ 1853፣ የየጁ ራሶች ጎንደር ላይ ሥልጣኑን ያዙ፤ ንጉሡን አላነሡትም። ዙፋኑ ላይ ይቀመጣል፤ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ራሶቹ ናቸው። ተክለ ጊዮርጊስ ስንት ጊዜ ወርዶ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ! "ፍጻሜ መንግሥት" ያሉት በከንቱ አይደለም። አውግስጦስ ሸንጎውን ለስም እንዳስቀመጠው ነው።

እዚሁ ከሚሴ ያላችሁ ደግሞ "የእኛስ?" እንዳትሉኝ። አባ ባሕርይ በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ ሲጽፉ ካስተዋሉት አንዱ ገዢው በየስምንት ዓመቱ እንደሚቀየር ነው። ቀኑ የታወቀ ርክክብ ነው። አቴናና ሮም የደረሱበትን ሐሳብ ገዳ በራሱ መንገድ ደርሶበታል።

"ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም" የሚለውን ተረት ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ አይዋጥልኝም። ገዢው ሲቀየር ደም ይፈሳል ወይስ ቁልፍ ይረከባል የሚለው ለድሃው ትልቅ ልዩነት ነው። ሰብሉ የሚረገጠው የእሱ ነዋ።

መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ "በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ የለም?" አለኝ። አለ። አፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዘመን ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነኮሰ ይባላል። ሌላው እኛ በክፉ የምናውቀው ነው፤ ዲዮቅልጥያኖስ፣ የዘመነ ሰማዕታቱ። እሱ የውርሱን ችግር ለመፍታት ሥልጣኑን ለአራት አካፍሎ ነበር፤ ሁለት ታላላቅ፣ ሁለት ምክትል። በ305 ጓደኛውንም አስለቅቆ ራሱም ለቀቀ፤ ምክትሎቹ ተተኩ። ትውልድ አገሩ ገብቶ አትክልት ተከለ። ተመለስ ብለው ሲለምኑት፣ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ኖሮ አትጠይቁኝም ነበር አለ ይባላል።

"ታዲያ ሠራ?" አለ ልጁ። አልሠራም። በዓመቱ፣ በ306፣ ከአራቱ አንዱ ሞተ። ጦሩ የተሾመውን ትቶ የሟቹን ልጅ ቆስጠንጢኖስን አነገሠ። ሌላውም የቄሳር ልጅ "እኔስ?" ብሎ ተነሣ። እስከ 324 ድረስ ሲዋጉ ኖሩ።